ለግራ እጇ የሚሆን ጆይስቲክ

አሞራው የሚለውን ስም ያወጡለት አብረውት የሠሩ ግንበኞች ናቸው። ዕድሜውን የፈጀው የሕንፃ ክሬን ላይ ነው። ጠዋት በብረት መሰላሉ ሽቅብ ወጥቶ እዚያች የመስታወት ጎጆ ውስጥ ከተቀመጠ፣ ሠራተኛው እጁን ታጥቦ እስኪበተን ድረስ አይወርድም። ምሳውን እንኳ በገመድ ነበር የሚስበው። ታች ያሉት አንጋጠው «አሞራው ዛሬ ምን አይቶ ነው እንዲህ ዝም ያለው?» ይባባላሉ። እሱ ስሙን ወዶታል። የማትወደው ሚስቱ ነበረች።

«አሞራ ጥንብ ነው የሚበላው» ትላለች። «እኔ ያበሰልኩትን የሚበላ ሰው እንዴት ሆኖ ነው አሞራ የሚባለው? ስድቡ ለማን እንደሆነ አልገባህም እንዴ?»

እሷ ሸሚዝ ፋብሪካ ውስጥ ኮሌታ ሰፊ ነበረች። ስንትና ስንት የስፌት መኪና ባንዴ በሚንጫጫበት አዳራሽ ወጣትነቷን ስለጨረሰች ጆሮዋ ትንሽ ደንቁሯል። ስታወራ ትጮሃለች፤ ስትስቅ ደግሞ ጎረቤት አብሮ ይስቃል። ጨዋታ አዋቂ፣ ጥርስ የማታስከድን ሴት ነበረች። እሱ ዝምተኛ ነው። ቀኑን ሙሉ ብቻውን ሰማይ ላይ ተቀምጦ የሚውል ሰው ከማን ጋር ወሬ ይልመድ? ማታ ቤት ሲገባ እሷ ታወራለች፣ እሱ ይሰማል። ለሁለቱም ተስማምቷቸው እንዲሁ አረጁ።

ጡረታ የወጡት በተቀራራቢ ጊዜ ነው። አንድ ልጃቸው ሌላ ከተማ ሥራ አግኝቶ ሲሄድ ኮምፒውተሩን ሳሎን ውስጥ መስኮቱ ሥር ትቶላቸው ሄደ፤ ፊት ለፊት እየተያየን እናወራበታለን ብሎ ነው። አንድ ጊዜ ሊጠይቃቸው በመጣበት «እማዬ፣ ነይ አንድ ጉድ ላሳይሽ» አላትና የጠፈር መንኮራኩር የሚነዱበትን ጨዋታ ከፈተላት። ሊያስቃት ነበር ሐሳቡ። ስክሪኑ ጥቁር ሆነ፤ ኮከቦች ብቅ ብቅ አሉ፤ አንዲት ትንሽ መንኮራኩር ኮሽታ ሳታሰማ ወደ ፊት ተንሳፈፈች።

«ድምፁን ዘግተኸው ነው?» አለች።

«አልዘጋሁትም። እዚያ ድምፅ የለም እማዬ።»

«ምንም?»

«ምንም።»

ወንበር ስባ ተቀመጠች። ልጁ ከዚያ በኋላ ለእራት ቢጠራት፣ ቢጎተጉታት፣ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። እሱም ሲነሳ የሸኘው አባቱ ነው፤ እናቱ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል እጇን አውለበለበችለት።

ከዚያ ወዲያ ቤቱ ውስጥ ሁለት ዓይነት ኑሮ ሆነ። ጠዋት ጠዋት እንደ ሰዉ ሁሉ ገበያ ትወጣለች፣ ታጥባለች፣ ታበስላለች። ከሰዓት በኋላ ኪቦርዱ ፊት ተቀምጣ ጭነት ታመላልሳለች። ከአንዱ የጠፈር ጣቢያ መድኃኒት ጭና ሌላው ዘንድ ታራግፋለች፤ ከዚያ ደግሞ መለዋወጫ ይዛ ትመለሳለች። አንድ ቀን ባለ ሱቋ ጎረቤታቸው ብቅ ብላ «ምነው ድምፅሽ ጠፋ?» ብትላት፣ «ሥራ ላይ ነኝ፤ መድኃኒት ይዤ ነው» አለቻት። ጎረቤቲቱ ግራ ገብቷት ወደ ባልየው ዞረች። እሱም ጋዜጣውን ሳያወርድ «እውነቷን ነው፣ ሹፌር ሆናለች» አለ።

እሱ ራሱ አይነካውም ነበር። አጠገቧ ወንበር አድርጎ ያያታል እንጂ። «እኔ ሰማይ ላይ ዕድሜዬን ጨርሻለሁ፣ አሁን ያንቺ ተራ ነው» ይላታል። እውነቱን ለመናገር ጨዋታውን ሳይሆን እሷን ነበር የሚያየው። ከጣቢያ ጋር ስትገጥም ምላሷን በጥርሷ ያዝ ታደርጋለች፤ ኮሌታ ስትሰፋም እንደዚያ ታደርግ እንደነበር ጓደኞቿ ይነግሩት ነበር። ፋብሪካው ውስጥ ገብቶ አይቷት አያውቅም። አሁን አየ።

መጀመሪያ የተንቀጠቀጠው የቀኝ እጇ አውራ ጣት ነው። ብርድ ነው አለች። ሙቀቱ መጥቶም አልተው ሲላት እርጅና ነው አለች። መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር ማስገባት ያቃታት ዕለት ግን መርፌውንም ክሩንም ጠረጴዛው ላይ ትታ ወጥታ በረንዳው ላይ ቆመች። በኋላ ሆስፒታል ሲሄዱ ዶክተሯ የነርቭ በሽታ መሆኑን ነገረቻቸው። አይድንም፤ ግን በመድኃኒት ቀስ ይላል፤ የሚባባሰውም በዝግታ ነው አለች። ከክፍሉ ሲወጡ ሚስቱ ክንዱን ያዝ አድርጋ «በዝግታ ከሆነ አንተን ነው የሚመስለው፣ እንለምደዋለን» አለችው። እሱ አልሳቀም።

ጣቶቿ አንዴ ሊነኩት የፈለጉትን ቁልፍ ደጋግመው መምታት ጀመሩ። መንኮራኩሯ ወደ ጣቢያው በር ስትጠጋ ትወላገድና ከግድግዳው ጋር ትላተማለች። እንደገና ትሞክራለች፤ እንደገና ትላተማለች። አንድ ቀን ኮምፒውተሩን አጥፍታ ጨርቅ አለበሰችው።

«በቃ፣ ከዚህም ጡረታ ወጣሁ» አለች።

ሳቋ ከአንገት በላይ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሰዓት በኋላውን አልጋ ላይ ጋደም ብላ ግድግዳ ስታይ ትውላለች። ቤቱ ዝም አለ። ዝም ማለት የእሱ ሥራ ነበር፤ እሷ ስትቀማው ምን እንደሚያደርግ ጠፋው። ኩሽና ገብቶ በሩን ዘጋና ለልጁ ደወለ።

«ጆይስቲክ ይሻላታል አባዬ» አለው ልጁ። «ቁልፍ መምታት አይኖርባትም። መሪ ነው፤ ጨብጣ ወደምትፈልግበት ዘንበል ማድረግ ብቻ ነው።»

«ማንሻ ነው በለኛ!»

«አዎ፣ የክሬንህ ዓይነት። ግን መርጠህ ግዛ፣ ብዙ ዓይነት ነው ያለው።»

መርጠህ ግዛ ሲባል ደረቱ ነፋ አለ። ስለ በሽታዋ ከተነገረው ነገር ሁሉ እሱ የሚያውቀው አንድም አልነበረም፤ ማንሻ ግን ያውቃል።

በማግስቱ ፂሙን ተላጭቶ፣ ኮቱን ለብሶ ወጣ። የኮምፒውተር ዕቃ የሚሸጥበት መደብር ሻጭ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች ቀጭን ወጣት ናት። «ጆይስቲክ ፈልጌ ነበር» አላት። ቃሉን መንገድ ላይ ሲለማመደው ነው የመጣው።

«ለምን ዓይነት ጨዋታ ነው አባቴ?»

«ጠፈር ላይ መንኮራኩር ለሚነዱበት።»

«ለማን ነው? ለልጅ ልጅዎ?»

ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። ከኋላው ሁለት ጎረምሶች ቆመው እየተሳሳቁ ነበር። «ለሚስቴ ነው፤ ትልቅ ሴት ናት፤ እጇ ይንቀጠቀጣል» የሚለው ምላሱ ላይ ደርሶ ቀረ። በእሷ አላፈረም፤ ሲስቁባት መስማትን ፈራ።

«ለራሴ ነው» አለ።

ሻጯ አልሳቀችም። «እንግዲያው እጅዎን ያሳዩኝ» አለች። ዘረጋላት። አካፋ የሚያክል እጅ ነው። ዓይታ ስታበቃ ከመደርደሪያው እያወረደች ጠረጴዛው ላይ ደረደረችለት። አንዱ ቀላል ፕላስቲክ ነው፤ ገና ሲነካው ተጋደመ። «ይሄ መሪ ነው ወይስ የቀለጠ ሻማ?» አለ። ሌላው አናቱ ይጠመዘዛል፤ ሲያጣምሙት መንኮራኩሯ ፊቷን ታዞራለች አለችው። እሱንም አልወደደውም። በመጨረሻ ያመጣችው ግን መቀመጫው ብረት ነበር። ጠረጴዛው ላይ ሲያርፍ ድም አለ። እጀታው ለቀኝ እጅ ተብሎ የተቀረጸ ነው፤ አውራ ጣት የሚያርፍበት፣ ጠቋሚ ጣት ቃታውን የሚያገኝበት፣ መዳፍ የሚደገፍበት ቦታ ሁሉ ተበጅቶለታል። ዘንበል ሲያደርገው ሞላው ይመልስበታል፤ ሲለቀው ቀጥ ብሎ መሐል ላይ ይቆማል፣ ፍንክች አይልም።

ዓይኑን ጨፈነ። ንፋሱ፣ የብረቱ ሲጥታ፣ ታች የተሰቀለው ጭነት ክብደት በክንዱ በኩል ወደ ትከሻው ሲመጣ ተሰማው።

«ይሄ ነው» አለ።

«ሞላው ጠንከር ይላል አባቴ። ብዙ ሲቆዩበት ክንድ ያደክማል።»

«የኔን ክንድ?» አለና ሳቀ። ከስንት ጊዜ በኋላ ነው የሳቀው።

ሚስቱ ካርቶኑን ስትከፍት ዓይኗ በራ። «አቤት ክብደቱ! ይሄን ተሸክመህ መጣህ?» እያለች ጨርቁን ከኮምፒውተሩ ላይ ገፈፈችው። ልጃቸው በስልክ እየመራው ገጣጠሙት። ያን ዕለት ቀስ ብላ አንድ ጭነት አድርሳ ተመለሰች። «እንዴት ነው?» አላት። «እንዴት ያለ ነው!» አለችው። እሱም በቀጣዮቹ ሳምንታት ያገኘውን ሰው ሁሉ ስለ መሪው እያወራ አሰለቸ፤ ጎረቤቲቱ ሱቅ ቆሞ ስለ ሞላ ጥንካሬ ሲያብራራ የሰሙት «አሞራው መናገር ይችል ኖሯል!» አሉ።

አንድ ቀን መዳፏ ላይ ፕላስተር አየ። ምን ሆነሽ ቢላት ቢላዋ ነው አለች። ሌላ ቀን ደግሞ ትከሻዋን ስታሽ አገኛት። ተጣምሜ ተኝቼ ነው አለች። አመናት።

ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ የእግር መንገድ ሊሄድ ወጥቶ ዝናብ መለሰው። በሩን ቀስ አድርጎ ከፈተ። ሚስቱ አልሰማችውም፤ ጆሮዋ ነው። ከወንበሩ ተነስታ ቆማለች። መሪውን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ ደረቷን አስደግፋ፣ የተቀረቀረ በር እንደሚገፋ ሰው በሙሉ ሰውነቷ ትገፋዋለች። ላብ በጆሮ ግንዷ ላይ ይወርዳል። ስክሪኑ ላይ መንኮራኩሯ ትንሽ ዘወር አለች። ትንሽ ብቻ። ሚስቱ ተነፈሰች፤ ቀኝ እጇን ከእጀታው አላቅቃ አራገፈችው፤ ከዚያ መልሳ ያዘች።

ወደ ኋላው ተመለሰና በሩን ሳያሰማ ዘጋው። ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ኮቱ ውሃ ያንጠባጥባል። ያን ሁሉ ጊዜ ስለ ሞላው ሲደሰኩር፣ እሷ ከጎኑ ሆና «እንዴት ያለ ነው» ስትል የነበረው ሁሉ አንድ በአንድ እየመጣ ፊቱ ቆመ። ለእሷ ሊገዛ ሄዶ ለራሱ እጅ ነው የገዛው። ሲበቃው ተነስቶ፣ ጉሮሮውን በኃይል ጠርጎ፣ የበሩን ቁልፍ አንቃጭሎ ገባ። እሷ ወንበሯ ላይ ቁጭ ብላለች።

«ዝናቡ መለሰህ?»

«መለሰኝ። እጅሽን አሳዪኝ።»

«ለምን?»

«አሳዪኝ አልኩሽ።»

ፕላስተሩን ላጠው። በአውራ ጣቷና በጠቋሚ ጣቷ መሐል ቆዳዋ ተልጧል። የቢላዋ አይደለም።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ደስ ብሎህ ነበራ» አለች። «ስንት ጊዜ ሆነኝ እንዲህ ደስ ብሎህ ካየሁህ?»

ሻጯ ለማን ነው ስትለው ምን እንደመለሰ፣ ለምን እንደዋሸም ሳይደብቅ ነገራት። ትቆጣለች ብሎ ነበር። እሷ ግን ሳቀች፤ ግድግዳው ተንቀጠቀጠ። «አንተ ነህ መንኮራኩር ነጂው? ቁልፍ የቱ እንደሆነ የማታውቅ!» አለችው። ከዚያ ሳቋን ዋጠች። «ነገ አብረን እንሄዳለን። ላፍርብህ ከሆነም እዚያው ላፍርብህ።»

ሻጯ ሲገቡ አወቀችው። እሱ አንገቱን ደፍቶ «ለሷ ነበር» አለ። ወጣቷ ከጠረጴዛው ጀርባ ዞራ ወጣችና ሚስቱን ወንበር ላይ አስቀምጣ አጠገቧ ተንበረከከች። ቀኝ እጇን በሁለት መዳፏ መሐል ያዘች። እጇ እንደተያዘ ወፍ ይርበተበታል።

«ግራዎት እንዴት ነው እናቴ?»

«እሱ ገና አልሰማም» አለች ሚስቱ። «ዜናው ለሱ አልደረሰውም።»

ሻጯ በግራ እጅ እንሞክር አለች። ችግሩ ግን ጥሩ ጥሩው ሁሉ ለቀኝ እጅ የተቀረጸ መሆኑ ነው፤ በግራ ሲይዙት የጣት ማረፊያው በተቃራኒ ይሆንና ይወጋል። የሚጠመዘዘው ዓይነት የእጅ አንጓዋን አሳመማት። አንዱ ሲገፋ አብሮ ይንሸራተታል። አንዱ ቁልፎቹ በዝተው ሳትፈልግ ትነካቸዋለች። አሞራው ከኋላዋ ቆሞ ኮፍያውን በእጁ ያሻል። ዛሬ አስተያየቱን የጠየቀው የለም፤ እሱም አልሰጠም።

በመጨረሻ ሻጯ ከታችኛው መደርደሪያ አቧራ የለበሰ ካርቶን አወጣች። «ይሄን ብዙ ሰው አይፈልገውም፤ አያምርም» አለች። እውነትም አያምርም። ትንሽ፣ ግራጫ፣ እንደ መጥረጊያ እንጨት ድቡልቡል ነው። ግን ለግራም ለቀኝም አንድ ነው፤ ሞላው ለስላሳ ነው፤ ጠረጴዛ ላይ የሚጣበቅ ጎማ ከሥሩ አለው። ሚስቱ በግራ እጇ ያዘችው። ዓይኗን ጨፈነች። ወደ ፊት፣ ወደ ጎን፣ ወደ ኋላ። ምላሷን በጥርሷ ያዝ አደረገች። አሞራው ያን ሲያይ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«ደግሞ» አለች ሻጯ፣ «ማስተካከያው ላይ ገብተው፣ ትንሿን መንቀጥቀጥ መንኮራኩሯ እንዳላየች ሆና እንድታልፋት ማድረግ ይቻላል። ሆን ብለው ዘንበል ሲያደርጉት ብቻ ነው የምትታዘዘው።»

«እያየች እንዳላየች?»

«አዎ።»

«እሰይ! እንግዲህ ከባሌ ተሻለች ማለት ነው» አለች ሚስቱ። ሻጯ በሳቅ ፈረሰች። እሱም ፈገግ አለ።

ከዚያ በኋላ ያለፈው ጊዜ ደግ ነበር። ልጃቸው ማስተካከያውን በስልክ እያሳያቸው ሠሩት፤ መንኮራኩሯም በተነገራት መሠረት መንቀጥቀጡን ናቀችው። ሚስቱ ጭነቷን ተወች። «አሁን ለራሴ ልሂድ» አለችና ካርታውን ከፍታ ጥግ ላይ ያለች አንዲት ደብዛዛ ኮከብ መረጠች። ሩቅ ናት። ከኮከብ ኮከብ እየዘለሉ፣ እየቆሙ፣ ነዳጅ እየቀዱ የሚሄዱባት ናት።

«ከዚህ ሁሉ ኮከብ ለምን እሷን?» አላት።

«ስም የላትም፣ ቁጥር ብቻ ናት። እኔም ፋብሪካው ውስጥ ቁጥር ነበርኩ። ሄጄ ልያት።»

በየቀኑ ምሳ ከበሉ በኋላ ትንሽ ትንሽ ትሄዳለች። መጀመሪያ ብቻዋን ተቀምጣ ነበር። ኋላ ከጀርባዋ ትራስ አስፈለገ። ኋላ ደግሞ ወንበሩ ላይ ማሰሪያ። በሽታው ዶክተሯ እንዳለችው በዝግታ ይመጣል፣ ግን አይቆምም። ድምፅዋም አብሮ ሸሸ። ያ ሁሉ ጎረቤት የሚሰማው ድምፅ ሹክሹክታ ሆነ፤ አሞራው ጆሮውን ወደ አፏ ካላስጠጋ አይሰማትም ነበር። ባለ ሱቋ ሴትዮ አንድ ቀን እያለቀሰች «ጮሃ ስትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር» አለችው።

ከዚያ ዜናው ለግራ እጇም ደረሰው። ምሳ በልተው ተቀምጠው ነበር። ግራጫዋን መሪ ያዘች፤ ጣቶቿ አልታዘዝ አሉ፤ ቢታዘዙም ደግሞ አልለቅ አሉ። እሱ አንድ በአንድ አላቀቀላት። ከዚህ በኋላ ኮምፒውተሩን ጨርቅ እንደምታለብሰው ጠበቀ። እሷ ግን ጆሮውን እንዲያስጠጋ በዓይኗ ጠቀሰችው።

«አንተ ያዝ።»

«እኔ? እኔ ምን አውቃለሁ?»

«አሞራ አይደለህም እንዴ?» አለች። «ብረር።»

በዚያ ስም ጠርታው አታውቅም ነበር። መሪውን ያዘ። በአካፋ እጁ ውስጥ እንደ ጣት ሆነችበት።

ሲነዳ የማይረባ ነበር። ክሬን ማንሻውን ሲለቁት ይቆማል፤ ይሄ ግን ቢለቁትም መንኮራኩሯ መሄዷን አትተውም። ፊት ለፊቱ ያለው ጣቢያ እየገዘፈ መጣ። «ለቀቅኩት እኮ! ለቀቅኩት!» እያለ ይጮሃል። ተላተሙ። ሚስቱ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፤ ደንግጦ ዞሮ ቢያያት እየሳቀች ነው። ድምፅ የለውም እንጂ የዱሮው ሳቋ ነው። ሳቁ ሳል እስኪሆንባት ድረስ ሳቀች። ውሃ አጠጣት። «እዚህ መልቀቅ ማቆም አይደለም» አለችው በሹክሹክታ። «ወደ ኋላ መግፋት አለብህ።»

እንዲህ ሆነው ቀጠሉ። ካርታውን የምታነበው እሷ ናት፤ የት እንደሚቆሙ፣ የትኛው ኮከብ ነዳጅ እንዳለው የምታውቀው እሷ ናት። እሱ እጅ ብቻ ነበር። አንዳንድ ቀን መድኃኒቱ አድክሟት መሐል ላይ ትተኛለች፤ እስክትነቃ ድረስ አንዲት እርምጃ አይሄድም፤ መሪውን ይዞ ይጠብቃል።

የደረሱት ዳመና በነበረበት ቀን ነው። ቁጥሯ ስክሪኑ ላይ ወጣ። ከዚያ ኮከቧ መጣች፤ ትንሽ፣ ቀይ፣ ሊጠፋ እንደተቃረበ ፍም። በዙሪያዋ ምንም የለም። ፕላኔት የለም፣ ጣቢያ የለም፣ ድንጋይ እንኳ የለም። አሞራው ወደ ግራ ዞረ፣ ወደ ቀኝ ዞረ። እንግዳ ጋብዞ ባዶ ቤት እንዳስገባ ሰው አፈረ።

«ምንም የለም» አላት።

ብዙ ቆይታ አየቻት። ዓይኗ ብቻ ነበር እንደ ቀድሞው የቀረው።

«እሷ አለች አይደል?» አለች። ቀጥላም «ደክሞኛል፣ አስተኛኝ» አለችው።

ብዙም አልቆየችም። ምግብ ትን ብሏት ነው የተጀመረው፤ ሳንባዋ ውስጥ ገባ አሉት። ሆስፒታል ስትተኛ ልጃቸው መንገድ ጀመረ። አሞራው አልጋዋ አጠገብ ተቀምጦ ግራ እጇን ይዞ ነበር። ነርሷ «አንሶላ ልቀይር ነው፣ አንዴ ይውጡልኝ» አለችው። ወጣ። ኮሪደሩ ውስጥ ግድግዳው ላይ ስለ እጅ መታጠብ የተለጠፈ ሥዕል እያየ ቆመ። ተመልሶ እንዲገባ የጠራችው ነርሷ አልነበረችም፤ ተረኛው ዶክተር ነበር። ልጁ የደረሰው አመሻሹ ላይ ነው። አባቱን በሩ ላይ ሲያየው ምንም ሳይነገረው ሻንጣውን መሬት ጣለው።

የፋብሪካ ጓደኞቿ መጡ። ሁሉም ጆሯቸው እንደ እሷው ስለሆነ ሲያለቅሱም ሲያወሩም እየጮሁ ነበር፤ ቤቱ እሷ የገባችበት መሰለ። አንዷ አጠገቡ ተቀምጣ «በመጨረሻ ጊዜ ምን ትሠራ ነበር? እንዴት ነበር የምትውለው?» አለችው።

«ትጓዝ ነበር» አላት።

ሴትዮዋ ኀዘኑ አናቱ ላይ ወጥቷል ብላ ጀርባውን ዳበሰችው።

ልጁ አብረን እንሂድ ብሎ ለመነው። እምቢ አላለም፤ እስቲ ትንሽ ልቆይ አለው። ጠዋቶቹን ቻላቸው። ይጠርጋል፣ ገበያ ይወጣል፣ ጎረቤቲቱ ሱቅ ጥቂት ይቆማል። የከበደው ከሰዓት በኋላው ነው። ምሳ በልቶ ሳህኑን ካጠበ በኋላ እጁን የት እንደሚያደርገው ያጣል። ቢተኛ እንቅልፍ የለም፤ ቢወጣ መንገዱ አያልቅም።

አንድ ከሰዓት በኋላ ኮምፒውተሩን ከፈተ። መንኮራኩሯ እዚያው ቀይዋ ኮከብ አጠገብ ቆማለች። ብቻዋን እዚያ ባዶ ቦታ መቅረቷ ከነከነው። ልመልሳት አለ። ግራጫዋን መሪ ያዘና ተነሳ። አንድ ዘለለ፤ ደህና ሆነ። ደግሞ ዘለለ። ካርታውን አፍጥጦ ያነበዋል፤ መስመሮቹ ይምታቱበታል። በዚህ በኩል ነበር የመጣነው? ነዳጅ ያለው የትኛው ነበር? ሳያስበው ጆሮውን ወደ ጎን ዘንበል አደረገ። ማንም አልነገረውም። የመሰለውን መረጠ። ቀጥሎም የመሰለውን። ስክሪኑ ላይ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም አለ፤ ከዚያ እሱም ተወ። መንኮራኩሯ በሁለት ኮከብ መሐል፣ ለሁለቱም ሩቅ ሆና ቀረች።

ስልኩን አነሳ።

«ነዳጅ አለቀብኝ» አለ።

«የምን ነዳጅ አባዬ?» አለ ልጁ። ከዚያ ገባው። «ችግር የለውም። እዚያ ማስተካከያው ላይ፣ እንደገና ጀምር የሚል አለ። እሱን ስትነካው ከመጀመሪያው ጣቢያ ትነሳለህ።»

«እንደገና አልጀምርም።»

«አባዬ፣ ጨዋታ እኮ ነው...»

«ልመልሳት ነበር» አለ። «መንገዱን የምታውቀው እሷ ናት። እኔ እኮ መንገዱን አላውቀውም።»

በቀብሩ ዕለት ያላለቀሰው ሰውዬ ያኔ አለቀሰ። እንደ ልጅ፣ አፍንጫውን በእጅጌው እየጠረገ፣ ቃል እየቆራረጠ አለቀሰ። ልጁ ሥራ ቦታው ላይ ነበር፤ ከኋላው የሰዎች ድምፅ ይሰማል። አይዞህ አላለውም፣ በቃ አላለውም። በር ሲከፈትና ሲዘጋ ተሰማ፤ ድምፆቹ ጠፉ። ከዚያ የልጁ ትንፋሽ ብቻ ቀረ። ስልኩን አልዘጋም።

ልጁ እሁድ ዕለት መጣ። ኮምፒውተሩን ሁለቱም አልከፈቱትም። ልብሶቿን አብረው አጣጠፉ፤ የትኛው ለማን እንደሚሰጥ ተነጋገሩ፤ በአንዱ ሸሚዝ ላይ ተከራክረው ልጁ ወሰደው። ልጁ ያበሰለው ጨው በዝቶበት ነበር። አባቱ ቀምሶ ቀና ብሎ አየው፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ በላ።